ሬንጁ የገነፈለ ዕለት

የነበርነው እነዚህ ነን። የሬንጅ ማፍያው በርሜል በሰፈራችን ቁልቁለት መንገድ መካከል፣ ከተዘጋው ሱቅ ፊት ለፊት፣ በብረት እግሩ ላይ ቆሞ ነበር። እሳቱን የሚጠብቀው ሰውዬ ረጅም የብረት ማማሰያ ይዞ ከጎኑ ቆሟል። መሐንዲሷ ልጄ ከበርሜሉ በላይ በኩል፣ ከመብራት ምሰሶው ሥር ነበረች። ከላብራቶሪ አብሯት የመጣው የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ ከበርሜሉ በታች፣ እሳቱን ከሚመግበው የጋዝ ሲሊንደር ጥቂት ወረድ ብሎ፣ አንድ ነጭ ከረጢት ታቅፎ ቆሟል። ጎረቤቴ በራሷ በር ላይ ነበረች፤ የወተት ላስቲክ የሞላባቸው ማዳበሪያዎች ከእግሯ ሥር ተደርድረዋል። ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሹፌር እንደ ልማዳቸው ዱካቸውን አውጥተው ከሱቁ ደጃፍ ተቀምጠዋል። እኔ ከሁሉም በታች፣ ከግቢያችን የቆርቆሮ አጥር ጥግ ነበርኩ። ጭሱ የሚመጣው ወደ እኔ ነበር።

ፈቀቅ ማለት እችል ነበር። ግን ልጄ በየቀኑ የምትቆምበት ጭስ ምን እንደሚመስል በገዛ አፍንጫዬ ማወቅ ፈልጌ ቦታዬን አልለቀቅኩም። ጉሮሮ ይይዛል። ምላስ ላይ ይቀመጣል። ዓይን ግን እንደ እንጨት ጭስ አያስለቅስም፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ሰው ሳያስበው አጠገቡ የሚቆየው።

የሰዎቹን አቋቋም አስቀድሜ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያን ዕለት ለእኔ ትልቁ ነገር ማን ከነፋሱ በላይ፣ ማን ከነፋሱ በታች መቆሙ ነበር።

ሰፈራችን ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ጠዋት ነፋሱ ከላይ ይወርዳል። ረፈድ ሲል ይዞርና ከታች፣ ከቄራ በኩል ይመጣል። መዞሩን ለማወቅ ዛፍ ማየት አያስፈልገንም። የቄራን ሽታ ይዞ ስለሚመጣ፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠም ሰው ያውቀዋል።

መንገዳችን በጣም ተጎድቶ ነበር። ላይኛው ሰፈር ፈርሶ እንደ አዲስ ሲሠራ ጠጠርና ብረት የጫኑት መኪኖች በእኛ በኩል ይመላለሱ ጀመር። ክረምት ውኃ ይገባበትና ጠጠሩ ይለቃል፤ በጋ ፀሐይ ሲያገኘው ይልምና የጎማ ፈለግ ይዞ ይቀራል። ልጄ የምትሠራው የመንገድ ዕቃ በሚመረመርበት ላብራቶሪ ነው። ሬንጅ ጠጠሩን አጣብቆ የሚይዝ ማሰሪያ እንደሆነ፣ እሱ ከደከመ መንገዱ እንደሚደክም ቤት ስትመጣ ትነግረኛለች። ከጎሚስታዎች የተጣለ ያረጀ ጎማ ተፈጭቶ፣ የወተት ላስቲክ ተከትፎ ሬንጅ ውስጥ ቢቀልጥ ማሰሪያው ይጠነክራል። ከዚያ ላይ አንድ ዱቄት ይጨመራል። ሸክላ አፈር ነው፤ ግን የደቀቀው አመድ ወይም ጤፍ እንደሚደቅ አይደለም።

«የፀጉር ውፍረት ለሱ ተራራ ነው፣ እማዬ» ብላኛለች አንድ ቀን። «እዚያች ትንሽ ክፍተት ውስጥ ገብቶ ውኃውን ይዘጋል።»

እሷ ይህን በደስታ ነው የነገረችኝ። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። እዚያች ትንሽ ክፍተት ውስጥ የሚገባ ነገር፣ ሰው ውስጥስ የት ድረስ ይገባል?

ሙከራው በላብራቶሪ ሲሳካላት አጭር ቁራጭ መንገድ ላይ ተነጥፎ እንዲታይ ተፈቀደላት። የእኛን መንገድ መረጠች። የሰፈሩ ሴቶች ላስቲኩን ሊሰበስቡ ቃል ገቡ። ጎረቤቴ አስተባባሪ ሆነች። በየቤቱ እየዞረች የተጠጣበትን የወተት ላስቲክ ትቀበላለች፣ ታጥባለች፣ ታሰጣለች። የላብራቶሪው ሰዎች ወስደው ከትፈው ሲመልሱት፣ መጋዘናቸው ሞልቶ ስለነበር፣ ማዳበሪያዎቹ እስከ ሥራው ቀን በእሷ ኮሪደር እንዲቀመጡ ተደረገ። ልጄ ደረቅ እንዲሆን ደጋግማ ነግራት ነበር። ጎረቤቴም ሰምታለች። ግን የእኛ ሰፈር ሴት ሌላ ሕግ አላት፤ የተዋሰችውን ሳህን ሳታጥብ አትመልስም፤ ከቤቷ የሚወጣ ነገር ሸትቶ ከሚገኝ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። የትኛው ሕግ እንደሚበልጥ አስቀድሞ መገመት ይቻል ነበር፤ የገመተ ግን አልነበረም።

አሁን ሌላውን ልጻፍ። ዛሬ ሁሉም ስለሚያውቀው መጻፍ እችላለሁ።

ልጄ ነፍሰ ጡር ነበረች። ገና ከሦስተኛ ወሯ አላለፈችም። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አልጸናላትም። በመጀመሪያው ጊዜ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ቶሎ ነግራ ነበር፤ ኬክ ተቆርጦላታል። በኋላ ያ ከሆነ ወዲህ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ያሏት ሰዎች ምን እንደሚሏት ጠፍቷቸው፣ ከሩቅ ሲያዩዋት መንገድ ይሻገሩ ነበር። ይህን እሷ አልነገረችኝም፤ አብሬያት ስሄድ አይቻለሁ። በእኛ ወግ ሆድ ሳይገፋ እርግዝና አይወራም። ልጄ ድሮ በዚህ ትስቅ ነበር። ሁለተኛው ሲወርድ ግን የምታውቀው እኔና ባሏ ብቻ ነበርን፤ በሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። ትምህርቷ ያላሳመናትን ነገር ኀዘኗ አሳመናት።

የዚያን ዕለት ጠዋት ጫማዋን ስታስር ከበሩ ላይ ቆሜ ጠየቅኳት።

«የዱቄቱን ከረጢት የሚከፍተው ማነው?»

«እሱ ነው፤ ባልደረባዬ። እኔ አልነካውም።»

«ጭሱስ?»

«ከነፋሱ በላይ እቆማለሁ። ማስክም አለኝ።»

«ማስኩ ያንን ዱቄት ይይዘዋል?»

የጫማዋን ገመድ አጥብቃ ቋጠረች። «እማዬ፣ ክፉው ደረቁ ሲበተን ነው። ሬንጅ ውስጥ ከገባ በኋላ ታስሮ ይቀራል፤ የትም አይሄድም።»

«ፈቃድ ጠይቂና ሌላ ሰው ይቁምልሽ።»

«ምን ብዬ ነው የምጠይቀው?»

ምክንያቱን ሳይናገሩ ፈቃድ የለም፤ ምክንያቱን መናገር ደግሞ ያንን ኬክ እንደገና መቁረጥ ነው።

«መጥተሽ ማየት ትችያለሽ» አለችኝ ስትነሣ። «ግን አንድ ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ብትናገሪ ከእንግዲህ ምንም አልነግርሽም።»

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በቢሮ ጽሕፈት የሠራሁ ሰው ነኝ። የሰው ምስጢር በእጄ አልፏል፣ ከአፌ አልወጣም። እሺ አልኳት።

ሥራው በሰላም ተጀመረ። ሬንጁ እየጋለ ሲሄድ ፊቱ እንደ መስተዋት አብረቀረቀ። መጀመሪያ የተፈጨው ጎማ ገባ። ሽታው ተቀየረ፤ ከበድ አለ። ሹፌሩ ከዱካቸው ላይ ሆነው ሲከታተሉ ቆይተው አላስችል አላቸው።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ በዚህች አገር ያልነዳሁበት መንገድ የለም። በወተት ላስቲክ የተነጠፈ ግን አላየሁም። መኪና ሲመላለስበት ተንጦ ቅቤ እንዳይወጣው ብቻ!»

«ቅቤ ከወጣውማ ለእርስዎ አናት ነዋ» አለች ጎረቤቴ ከበሯ። «ፀጉር ባይኖርም አናት አይጠፋም።»

እሳት ጠባቂው ሳቀና ማማሰያው ተንገዳገደ። «እኔም ፌስታል ስቀቅል የመጀመሪያዬ ነው፣ ኢንጂነር።»

«ቀቅለው እንጂ አታሳርረው» አለች ልጄ። የበርሜሉን ቴርሞሜትር ጠጋ ብላ አጎንብሳ ታያለች፣ ተመልሳ ቀና ትላለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም የሳቅኩ መሰልኩ። ልቤ ግን ጭሱ ላይ ነበር፤ ወደ እኔ እስከመጣ ድረስ ወደ እሷ እንደማይሄድ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ማዳበሪያ ላስቲክ በትንሽ በትንሹ ገባ። ቀለጠ፣ ጠፋ። ልጄ ፊቷ በራ። ከማስኩ በላይ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው፤ ግን አውቃታለሁ። ትንሽ ልጅ ሳለች ፈተና አልፋ ስትመጣ እንደዚያ ነበር የምታየኝ።

ከዚያ የቄራ ሽታ መጣ።

በመጀመሪያ ደካማ ነበር። ከፊቴ ጭሱ ሳሳ፣ የቆርቆሮው አጥር ላይ ያረፈው ፀሐይ ጠርቶ ታየ። ጭሱ በርሜሉ ላይ ጥቂት ቆመ፤ ቀጥሎ ተጠምዝዞ ሽቅብ፣ ወደ ምሰሶው ሄደ። ልጄ ውስጡ ነበረች።

«ልጄ፣ ነፋሱ ዞሯል» አልኩ።

«እሺ እማዬ» አለች። አልተንቀሳቀሰችም። ቴርሞሜትሩ ላይ ዓይኗን ተክላ እጇን ወደ እሳት ጠባቂው ዘርግታለች፤ ትንሽ ቀንስ ለማለት።

«እማማ ደግሞ» አለች ጎረቤቴ እየሳቀች፣ «ልጅዎ እኮ የአስፋልት ሰው ነች! ጭስ ምን ያደርጋታል?»

ከዚህ በላይ ብናገር ሰው ለምን ይላል። ጎረቤቴ ፈጣን ናት፤ አንድ ተጨማሪ ቃል ይበቃታል። ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩ፣ መልሼ ለበስኩ። በጣቴ ወደ ታች አሳየኋት። አላየችኝም። ጭሱ ትከሻዋን እየሸፈነ፣ እየገለጠ ያልፍ ነበር። በዚያች ሰዓት የፈራሁት ፍርሃት ድምፅ የሌለው ነው። ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ከዳር ሆኖ እንደ ማየት ነው፣ ገመዱን በእጅ ይዞ፣ አትወርውሪ ተብሎ።

«ሁለተኛውን ላምጣ?» አለ እሳት ጠባቂው።

«አምጣ» አለች ልጄ። «ዱቄቱንም አዘጋጁ።»

ባልደረባዋ የነጩን ከረጢት አፍ በምላጭ ቀደደ። እሳት ጠባቂው ከጎረቤቴ እግር ሥር ሁለተኛውን ማዳበሪያ ሳበ፣ ትከሻው ላይ አደረገና ወደ በርሜሉ ሄደ። ልጄ «ቆይ፣ ልየው» ስትል ሰምቻለሁ። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ነበር፤ የጋዙ እሳት ድምፅም ትልቅ ነው። እንደ መጀመሪያው በትንሽ በትንሹ አልጨመረውም፤ ያኛው በሰላም ስለገባ ደፍሯል። ግማሹን በአንድ ጊዜ ገለበጠው።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ትኩስ ዘይት ውስጥ ያልጠነፈፈ ነገር ሲገባ የሚሰማው፣ ግን እንደ ነጎድጓድ የገዘፈ። ከዚያ ያ መስተዋት የመሰለው ጥቁር ፊት ተነፋ። አረፋ ሆኖ ተነሣ። እሳት ጠባቂው ማማሰያውን ጥሎ ወደ ኋላ ዘለለ። ሹፌሩ ከዱካቸው ተነሡ። አረፋው የበርሜሉን ከንፈር አለፈና በቁልቁለቱ በኩል፣ ወደ ታች፣ ወደ ጋዝ ሲሊንደሩ መፍሰስ ጀመረ።

ሁላችንም ወደ ኋላ ስንል ልጄ ወደ ፊት ሮጠች።

በርሜሉን ተጠግታ ዞረች። ከሚፈሰው ሬንጅ ቀድማ ሲሊንደሩ ጋ ደረሰች። ጎንበስ ብላ መዝጊያውን ስትጠመዝዝ ጥቁሩ ነገር ከጫማዋ ጫፍ አጠገብ ነበር፤ እየተንጣጣ ይመጣል። እሳቱ ጠፋ። ከእሷ ወረድ ብሎ የነበረው ባልደረባዋ በድንጋጤ ወደ ኋላ ሲል እግሩ ጠጠር ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ፤ የተቀደደው ከረጢትም ከእጁ አመለጠ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ነጭ ነገር ከመሬት ተነሣ፣ እንደ ጉም። ነፋሱ ከታች ነበርና አንሥቶ ወሰደው። በመንገዱ ላይ ያለችው ልጄ ነበረች።

ቀና ስትል ዱቄቱ ደረሰባት። ማስኩ በሩጫዋ ወደ አገጯ ወርዶ ነበር። ማንም ሰው አፍንጫውን ነው የሚሸፍነው። እሷ ግን ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

ጉሙ አለፈ። ጥቁር ፀጉሯ ነጥቷል።

ሹፌሩ እጇን አዩ፤ ወዲያው ዓይናቸውን ወደ በርሜሉ መለሱ። እሳት ጠባቂው አየ። ጎረቤቴ አየች፤ አፏን በእጇ ያዘች። ልጄ ዓይኗን ስትከፍት ሁሉም የሚያየው የት እንደሆነ ገባት፤ እጆቿን አወረደች። ግን ረፍዶ ነበር።

አረፋው ቀስ በቀስ ወረደ። የተቃጠለ ሰው አልነበረም። ጎረቤቴ እግሯ ሥር ተመለከተች። ማዳበሪያው ቆሞበት የነበረው ድንጋይ ላይ ክብ እርጥበት ነበረ።

«ትናንት ሸተተኝ» አለች። «የተበላሸ ወተት ሸተተኝ። በእንግዳ ፊት ሲከረፋ አፍሬ እንደገና አጠብኩት። አሰጥቼው ነበር እኮ፤ ደመናው መጣብኝና ሰበሰብኩት። ላዩ ደርቆ ነበር።»

«ደረቅ ነበር ያልኩሽ፣ እትዬ» አለች ልጄ። ቁጣ አልነበረውም። ድምፅ ራሱ አልነበረውም።

ጎረቤቴ ሌላ ምክንያት አላከለችም። መጥታ የልጄን ፀጉር በነጠላዋ ጫፍ አራገፈች፤ ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል፣ በቀስታ። ከዚያ ነጠላውን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት፤ ከፊት በኩል ሰፋ አድርጋ፣ ሆዷ እስኪሸፈን።

«ጥላ ውስጥ ሲቆሙ ይበርዳል» አለች። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር።

ባልደረባዋ ከመሬት ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ አመድ ሆኗል። «እማማ፣ በቃ፣ ማለቴ… ሸክላ ነው። አፈር ነው። አንድ ትንፋሽ ምንም አያደርጋትም።»

«ትንፋሿን ይዛ ነበር» አልኩት።

«አዎ፣ አዎ፣ ይዛ ነበር። አይቻለሁ።» ለምን እንደሚነግረኝ፣ እኔም ለምን እንደምመልስለት ሁለታችንም እናውቃለን።

ልጄ ፊቷን በውኃ ታጠበች፤ አፏን ተጉመጠመጠች። ከዚያ ተመልሳ ወደ በርሜሉ ስትሄድ አየኋት። ሙከራው ግማሽ ላይ ነው፤ ሬንጁ ከቀዘቀዘ ሁሉም ይበላሻል። የቆርቆሮ አጥሩን የያዝኩት ያኔ ነው።

እሳት ጠባቂው ማማሰያውን አግድም አደረገባት።

«ኢንጂነር፣ እዚህ አትምጪ።»

«ሙቀቱን የማነበው እኔ ነኝ።»

«እኔ ጮክ ብዬ አነብልሻለሁ። ማንበብ እችላለሁ፣ አላሳፍርሽም። አንቺ እዚያ ሁነሽ እዘዢ።»

«በሩቅ የሚሠራ ሥራ አይደለም።»

«የኔ ልጅ» አሉ ሹፌሩ፣ «እኔ ተሳቢ ሳቆም ረዳቴ ከኋላ ሆኖ እየጮኸልኝ ነው የኖርኩት። አንድም ግንብ ገጭቼ አላውቅም።» ጥቂት አሰቡ። «አንድ ብቻ።»

የሳቀ አልነበረም። ሹፌሩ ዱካቸውን አነሡ፣ በመንገዱ ዳር ይዘውት ወረዱና ከእኔ አጠገብ፣ ከቆርቆሮው አጥር ጥግ አስቀመጡት። አሁን ከነፋሱ በላይ ያለው ያ ነበር። ከዚያ ወደ ሱቁ ተመልሰው ቆሙ። ዕድሜያቸው መቆም የሚወድ አይደለም።

እንኳን ደስ አለሽ ያለ ሰው የለም። ማንም በፊቷ ላይ ዓይኑን አላሳረፈም። በእኛ ሰፈር ሰው ያየውን እንዳላየ ማድረግ ሲፈልግ፣ በደንብ አድርጎ ያደርገዋል።

ልጄ ለጥቂት ጊዜ በርሜሉንና ሰውዬውን ተመለከተች። ከዚያ ቁልቁል ወደ እኔ መጣች። አጥሩ ጥግ ላይ ያለው ቦታ ለሁለት ሰው አይበቃም።

«ነገርሻቸው?» አለች በሹክሹክታ።

«አልነገርኩም።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ዱካው ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን ቆርቆሮው ላይ አሳርፋ ማስኳን አስተካከለች። ነፋሱ ከቄራ ይመጣል፤ ሽታው ያው ነው። ጭሱ ከእኛ እየራቀ ወደ ላይ፣ ማንም ወዳልቆመበት ምሰሶ ይሄዳል። እሳቱ እንደገና ተለኮሰ። ሦስተኛው ማዳበሪያ ደረቅ ነበር፤ እሳት ጠባቂው እጁን እስከ ክርኑ ከቶ አሳያት።

«መቶ ስልሳ!» ብሎ ጮኸ።

«ትንሽ ይጨምር» አለች ልጄ። ድምጿ ተመልሷል። በአንድ እጇ እየጠቆመች ታዛለች። ሌላኛው እጇ ከጎረቤቴ ነጠላ ሥር ነው።

እኔ ነጠላዬን አጣፋሁ፤ ቦታውን ለቅቄላት ቁልቁል ወረድኩ።